የኮሜዲው ዳይሬክተር አስተርጓሚ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ አላውቅም ማለት ነውር ነበር። እናንተ «አይ ዶንት ኖ» ብላችሁ ትገላገላላችሁ፣ እኛ ሞት ይሻለን ነበር። ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው፣ ሳን ሆዜ አንድ ትንሽ ሲኒማ ቤት በር ላይ ቲኬት ተቀባይ ነበርኩ፣ ታዲያ ለማናጀሯ ጣሊያንኛ እችላለሁ ብዬ ጉራዬን ነዝቻለሁ። እኔ ጣሊያንኛ? አዲስ አበባ የጣሊያን ጋራዥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ከፍሪሲዮንና ከካምቢዮ የማያልፍ ጣሊያንኛ።

እና አንድ እሁድ ከሰዓት አንድ ሽማግሌ ጣሊያን መጡ፣ የኮሜዲ ፊልም ዳይሬክተር ናቸው፣ የድሮ ፊልማቸው ታይቶ ስለ ሥራቸው ሊያወሩ። አስተርጓሚው ከኦክላንድ ሲመጣ መኪናው ፍሪዌይ ላይ ተበላሸችበት። ማናጀሯ እጄን ይዛ፣ «አንተ አለህልኝ አይደል፣ ፕሊስ» አለችኝ። ያኔ ነበር አልችልም ማለት። አላልኩም፣ መድረክ ላይ ወጣሁ።

ሰውየው አምስት ደቂቃ ያወራሉ፣ እኔ አንድ መስመር እላለሁ። «በመጀመሪያ ፊልሜ ከተዋናዮቹ ሁሉ አህያዋ ትሻል ነበር» እላለሁ፣ ከየት አመጣሁት አትበሉኝ፣ ሕዝቡ ይስቃል። ሕዝቡ ሲስቅ እሳቸውም ፈገግ ይላሉ፣ እኔም ሞቅ አለኝ። ታዲያ መጨረሻ ላይ መነጽራቸውን አወለቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ብዙ አወሩ፣ ብዙ። እኔ ምን አልኩ? «ሚስቴ በቃህ ስላለችኝ ፊልም መሥራት ተውኩ።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ሕዝቡን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ሲወርዱ ግን እጄን ጨበጡኝ። አመሰገኑኝ፣ ይገርማችኋል።

ሰው ሲወጣ አንዲት አሮጊት በሩ ላይ ጠበቀችኝ፣ እዚሁ አገር ተወልዳ ያደገች ጣሊያን ናት። «ምን እንዳሉ ታውቃለህ?» አለችኝና ነገረችኝ። ፊልሞቻቸውን በሙሉ የጻፈችው ሚስታቸው ነበረች፣ ቀልዱ ሁሉ የእሷ ነው፣ እሷ ስትሞት ብቻቸውን ሁለት ሠሩ፣ ማንም አልሳቀም፣ ተዉት። «ዛሬ የሳቃችሁት በእሷ ቀልድ ነው፣ ስለ እሷ አመሰግናለሁ» ነው ያሉት። እና ያ ሁሉ ሰው ሞቷን ሰምቶ የሳቀ መስሏቸው ሄዱ።

«ሆቴላቸው እዚሁ ነው፣ ና እንሂድ፣ አንተ እውነቱን ተናገር፣ እኔ በጣሊያንኛ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ።

ምን አልሽ፣ ሰላም ልጄ? «ዲድ ዩ ጎ?» ሄድክ ወይ ነው የምትይኝ?

የሥራ ሺፍቴ አላለቀም አልኳት። አልቆ ነበር።