የቧንቧ ሠራተኛው ወረቀት

አቃቂ ለስድስት ቤት አንድ ቧንቧ በጋራ ልናስገባ ስንል የመጣውን ሠራተኛ «መጀመሪያ ፈቃድህን አሳየን» አልነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ከጎረቤቶቼ መካከል የተማርኩት እኔ ነኝና ወረቀቱ ለእኔ ተሰጠ። ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ነው። እኔ የማውቀው እንግሊዝኛ ቢሆንም ይህን ለመናገር አፍሬ፣ ከላይ እስከ ታች አየሁትና «ፈቃድ አለው፤ ደህና ነው» አልኩ። በእኔ ቃል ቁፋሮው በማግስቱ ተጀመረ።

በሦስተኛው ቀን ቧንቧውን በሽንት ቤቱ ጉድጓድ ጥግ ሲያሳልፈው አየሁ። ልጆቻችን የሚጠጡት ውኃ ነው። ሥራው እስኪያልቅ ወረቀቱ እኔ ዘንድ ስለተቀመጠ፣ ይዤው ባቡር ጣቢያ ፈረንሳይኛ ወደሚያውቅ ጸሐፊ ሄድኩ። አነበበና ሳቀ። «ዘበኛ ነበር ነው የሚለው፤ የቧንቧ መጋዘን ዘበኛ። ታማኝ ነውም ይላል።»

ስመለስ ሰውየው በቆፈረው ቦይ ውስጥ ቆሞ ወረቀቱን እጄ ላይ አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ያን ቀን አንብበው ሲያሳልፉኝ እኮ አዝነውልኝ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ከደጃቸው ሆነው፣ «ምነው፣ ወረቀቱ ምን ሆነ?» አሉ። ሌሎቹም ወጡ።

«ቁፋሮው ይቁም» አልኩ። «ወረቀቱንም አላነበብኩትም፤ ፈረንሳይኛ አላውቅም።»

ከሁሉም ይበልጥ የደነገጠው ቦዩ ውስጥ የቆመው ሰውዬ ነበር።