ከፍ ብሎ የተቀባው ነጭ መስመር

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ የሜግና ወንዝ ይዋጠኝ፤ አንዴ ሊውጠኝ ትንሽ ስለቀረው በዚህ አልቀልድም።

በወንዝ መርከብ ላይ ሞተር ዘይት የምቀባ ሰው ነኝ። አንድ ቀን የመርከቦቹ ባለቤት የወንድም ልጅ ኒሉፋር አውቶቡስ አመለጣትና ከእኛ ጋር ተሳፈረች። ዳካ ከተማ አስተዳደር ተምራለች። ሻይ ይዤ መሪው ክፍል ስገባ ከሽማግሌው ካፒቴናችን ከሞታሌብ ጋር ተፋጠው አገኘኋቸው። ሰማዩ በሰሜን ምዕራብ በኩል እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል።

«ቻቻ» አለቻቸው፤ እኛ አገር ሽማግሌ በአክብሮት የሚጠራበት ነው። «ዳር ይዘን አንቆምም?»

«እንቁምና ያቺ ከፊታችን ያለችው ኮርፋዳ መርከብ ባንዲራውን ትውሰድ? የአጎትሽ የሽልማት ባንዲራ እኮ ቀድሞ ወደብ ለገባ ነው ልጄ!»

«ግድግዳዎ ላይ ‹ከሁሉ በፊት ደኅንነት› ይላል።»

«ግድግዳ ባንዲራ ይሰጣል?» ብለው ሳቁ።

«አይሰጥም፤ ጥፋቱም እሱ ነው። የአጎቴ ዕቅድ ሰውን በሰላም ማድረስ ነው፤ የሚለካውና የሚሸልመው ግን ፍጥነትን። ሠራተኛ ደግሞ የሚሠራው የሚሸለምበትን ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ! ቁጥጥር ማለት ይኸው ዓይኔ ነው። ዛሬ አንቺ ልትጠብቂኝ?»

«ልጠብቅዎ አይደለም። ደንብ ቢኖር ግን ሲቆሙ ማንም ፈሪ አይልዎትም። ለመሆኑ ዓይንዎ የጭነቱን መስመር አይቷል?»

«አይቷል። ከውሃው ሁለት ጣት በላይ ነው።»

ሻዩን አስቀመጥኩ። መርከቡ ጎን ላይ የተቀባው ያ ነጭ መስመር ውሃ ከነካ ጭነቱ በዝቷል ማለት ነው። የትኬት ሹማችን የሚመዘነው ባሳፈረው ሰው ብዛት ነበር። መስመሩ ውሃ በነካ ቁጥር ሰው መመለስ ሲመረው «አንተ ቀልደኛ፣ ቀለም አለህ?» አለኝ። ነጩን መስመር አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ ቀባሁት። እየሳቅኩ ነበር የቀባሁት።

«ቻቻ…» አልኩ። «መስመሩ ውሸት ነው። እውነተኛው ውሃ ውስጥ ነው።»

ይመቱኛል ስል ፊታቸው አመድ መሰለ። ከታች አራት መቶ ሰው አለ፤ የሕፃናት ለቅሶ ይሰማል። መሪውን ወደ ዳር ጠመዘዙ።

ጠባብ ገባር ወንዝ ውስጥ ገብተን ከዛፍ ጋር እንደታሰርን ነፋሱ ደረሰ። ወንዙን እንደ ምንጣፍ ጠቀለለው። አንዲት ፍየል ከሰማይ ወርዳ ጣሪያችን ላይ ቆማ ታመሰኳ ጀመር። እኛ ግን ሁላችንም የየራሳችንን ፈጣሪ እየጠራን ወለሉ ላይ ተደፍተናል።

ያቺ ከፊታችን የነበረችው መርከብ ወደ ማታ ተንጋዳ ወደቡ ደረሰች። ባንዲራው ተሰጣት። የሚቀበል ካፒቴን ግን አልነበራትም፤ ወንዙ ወስዶታል።

ሞታሌብ «ልጄ፣ ለአጎትሽ ንገሪው፤ ከእንግዲህ ባንዲራው አደጋ አይቶ ለቆመ ይሰጥ» አሉ።

እንደዚያም ሆነ። መስመሩን የሚለካው ከሌላ መርከብ የሚመጣ ሰው ነው። ሹሙም የሚመዘነው በሰላም ባደረሰው ሰው ሆኗል። ቅዳሜ ቅዳሜ ካፒቴኖቹ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጠው ለጥቂት ያመለጡትን አደጋ ያወራሉ፤ የተናገረን ማንም አይቆጣውም። ሞታሌብ ሦስት ባንዲራ አላቸው፤ «ከእኔ የባሰ ፈሪ በዚህ ወንዝ አታገኙም!» እያሉ ይኮራሉ።

አንድ ነገር ልመን፦ ፍየሏን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ምነው የመስመሩም ነገር ፈጠራ በሆነ።