ግራዝማች መሬቱን ባይሰጡ ኖሮ

የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ቢሮ፣ ዓርብ ረፋድ፤ አቶ ልሳነወርቅ የሰባተኛ ክፍል የታሪክ አስተማሪዋን ስመኝን አስጠርተው ቆመዋል፤ በመስኮቱ ሁለት ሰዎች ጉድጓድ ሲቆፍሩ ይታያሉ።

ልሳነወርቅ፦ ይታወቅልኝ! ሻዬ ቀዝቅዟል። በዚህ ወንበር በተቀመጥኩበት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሻዬ ቀዝቅዞ አያውቅም።

ስመኝ፦ ላስቀይርልዎት?

ልሳነወርቅ፦ አትንኪው! ማስረጃ ነው። ኮሪደሩ ላይ የለጠፍሽውን ሠላሳ ስምንት ወረቀት ሳነብ ነው የቀዘቀዘው። አሁኑኑ ታነሺዋለሽ።

ስመኝ፦ የልጆቹ ሥራ ነው እኮ። ነገ ወላጆቻቸው ሊያዩት...

ልሳነወርቅ፦ ነገ ምን እንደሆነ እኔ ልንገርሽ? ነገ ይህ ትምህርት ቤት በአያቴ በግራዝማች ይመኑ ስም ይሰየማል። ያ ጉድጓድ ስማቸው የተቀረጸበት ድንጋይ የሚተከልበት ነው። እንግዳ ከዞን ይመጣል፣ በኮሪደሩ ያልፋል። ይህን ያንብብ?

ስመኝ፦ ቢያነብ ምን አለበት? ትምህርት ቤት ነው።

ልሳነወርቅ፦ አታሹፊ! «ግራዝማች ይመኑ ለትምህርት ቤቱ መሬታቸውን ባይሰጡ ኖሮ ዛሬ ምን ይሆን ነበር?» ይኼ የታሪክ ጥያቄ ነው?

ስመኝ፦ ጋሼ፣ ልጆቹ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ይተኙ ነበር። እኔ ዓመተ ምሕረት ስጽፍ ከኋላ አንዱ ያንኮራፋል። ያልሆነውን አስቡ ስላቸው ነቁ። «ወንዙ በወዲያ ማዶ ቢሄድስ? መንገዱ በእኛ በኩል ባያልፍስ?» እያሉ ደወል ተደውሎም አይወጡም። የግራዝማችን ታሪክ የመረጥኩት እርስዎ በየሰኞው ሰልፍ ላይ ስለሚነግሯቸው ነው። ክብር መስሎኝ።

ልሳነወርቅ፦ ክብር! የፍሬሕይወትን ወረቀት ስሚ። «ሽማግሌዎችን ስጠይቅ ሳቁብኝ። ባይሰጡ ኖሮ ብለሽ አትድከሚ፣ አልሰጡም አሉኝ። ስለዚህ እኔ የምጽፈው ቢሰጡ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ነው። ቢሰጡ ኖሮ ሸክላ ሠሪዎቹ ለዚህ መሬት ሲሉ ከእሳቸው ጋር ስድስት ዓመት ፍርድ ቤት አይመላለሱም ነበር።» ሠላሳ ስምንቱም እንዲህ!

ስመኝ፦ ሠላሳ ሰባቱ። አንዱ ስለ ኳስ ነው የጻፈው።

ልሳነወርቅ፦ እሱማ ይብሳል! «ቦታው የሸክላ አፈር ማውጫ ጉድጓድ ባይሆን ኖሮ ሜዳችን በየክረምቱ አይሰምጥም፣ ስድስት ለሁለት አንሸነፍም ነበር።»

ስመኝ፦ ይሰምጣል እኮ።

ልሳነወርቅ፦ የትም አገር ክረምት ሲሆን አፈር ይሰምጣል! ደግሞ ሸክላ ሠሪ ከየት አምጥቶ ነው መሬት የሚሰጠው?

ስመኝ፦ ጉድጓዳቸውን በገል፣ በራሳቸው የሸክላ ስባሪ ሞልተው፣ አፈር ደልድለው፣ በላዩ ለልጆቻቸው ዳስ ጣሉ ነው የሚባለው። የሸክላ ሠሪ ልጅ ከሰው ልጅ ጋር አይማርም ስለተባሉ።

ልሳነወርቅ፦ የሚባለው! ማን ነው ባዩ? ለመሆኑ የተከራየሽው ቤት የማን ነው?

ስመኝ፦ ...የእማማ ዝማም።

ልሳነወርቅ፦ የሸክላ ሠሪዋ! ታዲያ ጥያቄውን ስትሰጪ መልሱን አታውቂም ነበር?

ስመኝ፦ እኔ ጠይቁ ነው ያልኩት። እነማንን እንደሚጠይቁ አልነገርኳቸውም።

ልሳነወርቅ፦ እዚህ ወረቀት ላይ «ቲቸር፣ እማማ ዝማም ከሰዓት በኋላ ከቤት አይጠፉም ብላናለች» ይላል!

ስመኝ፦ አይጠፉማ።

ልሳነወርቅ፦ በቃ! ይኼ የዝውውር ደብዳቤሽ ነው። ቆላ፣ መኪና የማይገባበት። እስከ ስድስት ሰዓት ወረቀቶቹ ከወረዱ እቀደዋለሁ። ካልወረዱ ሰኞ እዚያ ታስተምሪያለሽ።

ስመኝ፦ እማማ ዝማም ሰማንያ ዓመት ሙሉ ደጃቸው የመጣው ሁሉ ድስት ሊገዛ ነው የመጣው። ባለፈው ሳምንት ሠላሳ ስምንት ልጅ ተሰልፎ «ይንገሩን» አላቸው። እኔ ያንን ከግድግዳ አላወርድም። ያውርዱት እርስዎ፣ ልጆቹ እያዩ።

ልሳነወርቅ፦ አወርደዋለሁ! አያቴ ሰጥተዋል! እዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ገል አሳዪኝና ከዚህ ወንበር በገዛ እግሬ እነሳለሁ!

ስመኝ፦ ጋሼ፣ ቆፋሪዎቹ ቆመዋል።

ልሳነወርቅ፦ ይቁሙ!

ስመኝ፦ ልጆቹ ከበዋቸዋል። ያ ከጉድጓዱ አፍ የተከመረው... የእንስራ አንገት ነው። ያኛው የድስት ጆሮ።

ልሳነወርቅ፦ እነዚህ ደደቦች! ከአንድ ክንድ እንዳታልፉ ብያቸው ነበር እኮ! ምን ታፈጥጪብኛለሽ?

ስመኝ፦ ለምን አንድ ክንድ?

ልሳነወርቅ፦ ...ሻዬን አቀብዪኝ።

ስመኝ፦ ቀዝቅዟል። ማስረጃ ነው ብለዋል።

ልሳነወርቅ፦ አቀብዪኝ አልኩሽ።