ዘር አፈር ማልበስ ያቃተኝ ዓመት

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የጽዳትና የጥበቃ ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤ ጡረታ ለምትወጣ አንዲት አትክልተኛ ብላችሁ ይህን ሁሉ ወንበር ደርድራችሁ ስለተሰበሰባችሁ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «እማማ ፍግ፣ በዚያ በኩል ይለፉ፣ ይሸታሉ!» ስትሉኝ ኖራችሁ ዛሬ ከፊት አስቀመጣችሁኝ። መስኮቱን የከፈተው ማነው? አይቼሃለሁ!

ስጦታችሁ ያማረ ነው። ነገር ግን ዳር ዳር ማለት አልወድም፤ የመጣሁበትን ልናገር። የልብስ ማጠቢያው ባልደረባችን የስንብት ደብዳቤ ሰኞ ይወጣል። የሴቶቹን ክፍል አንሶላ አይሰበስብም፣ ሰነፍ ነው ተብሎ። ጠዋት «ልናገርልህ ወይ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ይናገሩ እማማ፣ ከዚህ የባሰ ምን ይመጣብኛል?» አለኝ። ያው በሩ አጠገብ ቆሟል።

እኔም አንድ ጊዜ ሰነፍ ተብያለሁ። አንድ ልጄን የቀበርኩ ዓመት ነው። ሥራ ገባሁና ለሕሙማን ወጥ ቤት የሚሆን ቦሎቄ ዘራሁ። መስመር አወጣሁ፣ ዘሩን ጣልኩ፣ ከዚያ ጥዬው ሄድኩ። አፈር አላለበስኩትም። እንዴት ብዬ? በገዛ እጄ ልጄ ላይ አፈር ከመለስኩ ገና ዐሥር ቀኔ! እጄ እምቢ አለኝ። ወፎቹ ድግስ የተጠሩ ይመስል ለቀሙት። እንደገና ዘራሁ፤ እንደገና ተለቀመ።

ከእግዜርም ጋር ተኳርፈን ነበር። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ «ሙታን ይነሣሉ» ሲባል ከሰው ጋር አሜን እላለሁ። በልቤ ግን «ሂዱ ለሌላ ንገሩ» እላለሁ። ይቅር ይበለኝ።

ነገሩ አለቆች ጋ ደረሰ። የከሰሰችኝ የወጥ ቤቷ ኃላፊ ነበረች፤ ስትቆጣ ድስቱም ይፈራታል። መደቡ ድረስ መጣችና፣ «ምነው ሴትዮ፣ ወፍ ልትቀልቢ ነው የተቀጠርሽው?» አለችኝ።

«አፈሩን መመለስ አቃተኝ» አልኳት።

ነገሩ ገባት። ከዚያ ሽርጧን ሰብስባ ተንበረከከች። «በይ አንቺ ዝሪ፣ እኔ አለብሳለሁ» አለች። ክሷንም ተወችው። ሦስት ሳምንት ከምሳ በፊት እየመጣች አለበሰችልኝ። አንድም ቀን ምክር አልመከረችኝም።

አንድ ጠዋት በቀለ። ቦሎቄ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አጎንብሶ፣ አፈሩን በጀርባው አዝሎ ነው። ያ የፈራሁት አፈር ላዩ ላይ ነበር፤ አንገቱን ቀና ሲያደርግ ተሰንጥቆ ወደቀ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልጄ አልተመለሰልኝም፤ ዛሬም ይናፍቀኛል። ግን ነገሩ አፈር ላይ እንደማያልቅ የዚያን ቀን አመንኩ፤ ከጌታዬም ጋር ታረቅን። በዚያው ሰዓት አንድ መስመር በራሴ እጅ አለበስኩ።

ለነገሩ ጌታ በተነሣ ጠዋት መግደላዊት ማርያም ስታየው አትክልተኛ ነው የመሰላት። ሐኪም አልመሰላትም! ዶክተሮች፣ አትቀየሙኝ።

ወደ ልብስ ማጠቢያው ልጃችን ልመለስ። ሚስቱ የሞተችው እዚሁ፣ ሴቶቹ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ላይ ነው። አራት ወሯ። የመጨረሻ አንሶላዋን ያጠበው ማን ይመስላችኋል? እሱ ነው! ከዚያ ወዲህ ኮሪደሩ ጋ ይደርስና ይመለሳል። ይህ ስንፍና ነው ወይ?

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ደሞዝ ጨምሩለት አላልኩም። ከዚያ ክፍል አንሶላውን ሌላ ሰው ያውጣለት፣ እሱ ይጠብ። እስከ መቼ? አላውቅም። እኔ ሰኞ ሥራ ፈት ነኝ፤ ጉልበቴ ቢያመኝም እመጣለሁ። ማክሰኞን የሚይዝልኝ ማነው?

አየሁሽ አዋላጇ፣ ተባረኪ። ረቡዕስ? ጥበቃው፣ እጅህን ከፍ አድርግ እንጂ! ሐሙስ... ውይ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ! እርስዎ ራስዎ? እንግዲህ ደብዳቤው ቀረ ማለት ነዋ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዓርብስ? ምን አልክ፣ አንተ በሩ አጠገብ የቆምከው ልጄ? ጮክ በል፣ ጆሮዬ እንደ ድሮ አይደለም። «ከእርስዎ ጋር እስከ ክፍሉ በር ልሞክር» ነው ያልከው? ይበቃል። እስከ በሩ ይበቃል ልጄ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ እገባለሁ።

በሉ ወገኖቼ፣ ያዘናችሁትን አምላክ ያጽናችሁ። የምትዘሩትን ያብቅልላችሁ፤ ማልበስ ሲያቅታችሁ ደግሞ አጠገባችሁ የሚንበረከክ ሰው አያሳጣችሁ። ከተለዩን ጋር በትንሣኤው ያገናኘን።