ቁልፍ የሌለው ሳጥን

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ለዚህ ሁሉ የጡረታ መሸኛ ዝግጅት፣ ለሸለማችሁኝ ካፖርትም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ካፖርቱ ትከሻዬ ላይ ይጠባል፤ ቢሆንም እለብሰዋለሁ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄ ከቤቷ መጥታ፣ አጠገቤ ተቀምጣ የምለውን እየጻፈች ነው። «አባዬ፣ ትንሽ ላሳምረው?» አለችኝ። «እንዳትነኪው!» አልኳት።

በዚህ ቤት ከእኔ የተሻለ አናጺ አለ? ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ? ያን የቢሮ ቁምሳጥን የሠራሁት እኔ ነኝ። እዚሁ አብራችሁ ጨርቅ ትቆርጥ የነበረችው ባለቤቴ በሩን ሳብ ሳብ አድርጋ፣ «ይሄ ደግሞ እንዳንተ ግትር ነው፤ ማን ሊከፍተው?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔማ ኮራሁ!

የንብ አለርጂ እንዳለባት ታውቁ ነበር። ሐኪም ያዘዘላትን የድንገተኛ መርፌ፣ «ብነደፍ ትደርሱልኛላችሁ» ብላ ለቢሮ ሰጠች። ቢሮውም እንዳይጠፋ ብሎ እዚያው ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ አንገትዎን አይድፉ፤ ለወቀሳ አልቆምኩም።

ያን ቀን በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ ንብ አንገቷን ነደፈቻት። ገላዋ ሽፍ አለ፣ ከንፈሯ አበጠ፣ ድምፅዋ ጎረነነ። «ጉሮሮዬን ያዘኝ» አለች። አንዳችሁ ውሃ አመጣችሁ። ሌሎቻችሁ «ደንግጣ ነው፣ አየር ታግኝ» ብላችሁ አቁማችሁ አራመዳችኋት። እኔ ወደ ቁምሳጥኑ ሮጥኩ። ቁልፍ ያዡ ባንክ ሄዷል። በመጥረቢያ መታሁት። ምን ዓይነት እንጨት ነው የመረጥኩት! መርፌውን ይዤ ስደርስ እጄን ያዘች። ወጋኋት። ከዚያ እጇ ለቀቀኝ።

የክሊኒኳ ነርስ በኋላ ያለችኝን ስሙ። «አባባ፣ ሰውነት ሽፍ ብሎ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ምላስና ጉሮሮ ሲያብጥ፣ ወይም ሰውየው ራሱን ሊስት ሲል፣ ያልፍለታል ብላችሁ አትጠብቁ። መርፌው መጀመሪያ! ጭኑ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ በልብሱ ላይም ቢሆን። ወዲያው አምቡላንስ ጥሩ። አስተኙት፤ መተንፈስ ካቃተው ይቀመጥ። እንዳይቆም፣ እንዳይራመድ። ቢሻለውም ሆስፒታል ይሂድ።»

«መርፌው መጀመሪያ» በሉ እስቲ። አይሰማም። ጮክ በሉ!

አሁን ወደ ግድግዳው ዙሩ። ያን ቀይ ሳጥን ትናንት የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ውስጡ ያለው የጸሐፊያችን መርፌ ነው፤ እሷን ደግሞ ለውዝ ነው የሚጥላት። በር የለው፣ ቁልፍ የለው። ከሠራሁት ሁሉ ቀላሉ እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ንብረት ክፍሉ መጥቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አባባ፣ ትንሽ ጓጉንቸር ብናደርግበትስ? ይሰረቃል።»

ይሰረቅ! ሌላ ግዙ። ጓጉንቸር አድርጋችሁበት ብሰማ መጥረቢያዬን ይዤ እመጣለሁ። ጡረታ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ መጥረቢያው አልወጣም።

በሉ ልጆቼ፣ ጤና ይስጣችሁ። ጸሐፊያችን፣ አንቺን ዕድሜ ይስጥሽ። ሁላችሁም ቤታችሁ ስትደርሱ፣ እግራችሁን ሰምቶ በር የሚከፍትላችሁ ሰው አይጥፋ።

የእኔን በር ራሴ እከፍተዋለሁ።