በአንዲት ፊደል የተሳሳትኩት ምስጋና

በእኛ ጊዜ፣ ኮሮናን ማለቴ ነው፣ እናንተ ገና አገር ቤት እያላችሁ፣ ይኼ አማን ከተማ ጭር ብሎ ነበር። ሳይረን ይጮሃል፣ ከዚያ በኋላ ደጅ የተገኘ ይያዛል። ታዲያ እኔ ያን ጊዜ ዳቡቅ ሰፈር፣ አቡ ሳሚ የሚባሉ ሽማግሌ ተዋናይ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ማርካ ሰፈር ክፍሌ እመጣ ነበር፣ ያ ሐሙስ ግን ቀረ፣ እዚያው ከሳቸው ጋር ተዘጋብኝ።

ተዋናይ ስላችሁ ዋናውን እንዳይመስላችሁ። ዘበኛ፣ ዳኛ፣ የሙሽራ አባት፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ነው የሚሠሩት። ፊታቸውን የማያውቅ የለም፣ ስማቸውን የሚያውቅ የለም። እና ምላሳቸው አያርፍም። አንድ ቀን ቴሌቪዥን ላይ ስለ ሥራዎ ይንገሩን ቢሏቸው ስለ ዳቦ ዋጋ ተናገሩ፣ ስለ ሹማምንቱ ተናገሩ፣ ከዚያ ወዲያ ስልካቸው ዝም አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚጠራቸው ጠፋ።

እኔ ደግሞ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ቢሮው ተዘጋ። ወረቀቴ በሳቸው ስም ነው። በዚያ ምላሳቸው ቢታሰሩ ለኔ ማን ያድስልኛል እያልኩ እፈራለሁ። ታዲያ "አይዞሽ፣ ሲከፈት ራሴ እወስድሻለሁ፣ እስከዚያ ይኼ ቤትሽ ነው" አሉኝ። ደስ ብሎኝ "አና መምኑና"፣ አመሰግናለሁ ልል፣ ወላሂ፣ "አና መምኑዓ" ብዬ አረፍኩት። ታግጃለሁ ማለት ነው እኮ። አዩኝና ሳቁ፣ ሳቁ፣ እንባቸው ወረደ። "እኔም መምኑዕ ነኝ ዘይነብ፣ ሁለት የታገድን ሰዎች አንድ ቤት ተዘጋብን" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሻይ ሳቀርብ ሰላምታችን እሷው ሆነች።

አንድ ቀን ታዲያ ስልክ ተደወለ። ድራማ አለ፣ እገዳው ሲነሳ የሚቀረጽ፣ እና ዋናው ሽማግሌ እርስዎ ነዎት አሏቸው። በዕድሜያቸው አንዴ! ብቻ ስለዚያ ንግግር ተጸጽቻለሁ ብለው በስልክ ተቀርጸው ይላኩ። ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። እኔስ ምን አልኩ? ልጆቼ አልዋሻችሁም፣ "ባባ ይበሉት፣ ቃል ነው፣ ንፋስ ይወስደዋል" አልኳቸው። ለሳቸው ብዬ አይደለም፣ ለወረቀቴ ነው።

እና ከላይ ኮት ለበሱ፣ ከታች ፒጃማ። ስልኩን እኔ ያዝኩ። "እኔ ለተናገርኩት..." አሉና ቆሙ። እንደገና ጀመሩ፣ ቆሙ። አንገታቸውን እንዲህ ሰበር አድርገው፣

"ይኼን ሰውዬ የት ነው የማውቀው ዘይነብ?" አሉኝ።

"የቱን ባባ?"

"አሁን የሚናገረውን። ሹም ደጅ የሚጠና ጸሐፊ ሆኜ ሠርቼዋለሁ። አልወደውም።"

ከዚያ ቀና አሉ። "ላዳመጣችሁኝ ሁሉ አና መምኑን" አሉ። እኔን አየት አድርገው፣ "ስለተናገርኩት ደግሞ አና መምኑዕ፣ ሌላ የምለው የለኝም" አሉ። ያንኑ ላኩት። ሥራውም ቀረ። እኔ ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ለራሴ።

ታዲያ ቢሮው ሲከፈት ቃላቸውን ጠበቁ፣ ማስክ አድርገው ይዘውኝ ሄዱ። ሰልፉ አያድርስ ነው። ተራችን ሲደርስ የቢሮው ጸሐፊ የሥራ ሰዓት አልፏል፣ ሌላ ቀን ኑ ብሎ ወረቀቴን ገፋው። እሳቸው ማስኩን ዝቅ አደረጉና በዚያ በዳኛው ድምፅ፣ "የዚች ሴት ጉዳይ ዛሬ ይታያል" አሉት። ጸሐፊው ብድግ አለ። ዳኛው እርስዎ ነዎት እንዴ፣ እናቴ እኮ ትወድዎታለች ይላል። ሰዓት ሳይሞላ ወረቀቴ እጄ ገባ።

እኔ ቃሏን ጠዋቱን ሙሉ ሳጠና ነበር። ደረጃው ላይ "ባባ፣ አና መምኑና" አልኳቸው፣ አስተካክዬ። ደስ ይላቸዋል ስል ፊታቸው ቅር አለ። "ማን ነው ያረመሽ?" አሉኝ።

አላህ ይዘንላቸው። እኔ ለወረቀቴ ብዬ ላዋርዳቸው ነበር፣ እሳቸው ግን አልተቀየሙኝም። ዛሬ ከናንተ ጋር ተቀምጬ የምጫወተው በሳቸው ነው።

"ታዲያ አሁን የቱን ነው የሚሉት፣ እትዬ ዘይነብ?" አለች ከመካከላችን ሐና።

"ለአሠሪ ማዳሞቹ መምኑና። ለሳቸው ዱዓ ሳደርግ ግን የድሮዋን ነው የምላት። አላህ እንደሆነ አረብኛዬን ለምዶታል" አሉና ከሁላችንም ቀድመው ሳቁ።