መጠጥ ያቆምን ሰዎች ቤቴ የተሰበሰብን ለታ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሰው ወይ ይጠጣል ወይ አይጠጣም እንጂ፣ «መጠጥ ላቁም፣ አግዙኝ» ተባብሎ የሚነጋገርበት ቦታ አለ ቢሉኝ እስቅ ነበር። ታዲያ አረቄ ይዞኝ ነበር፤ ሽንኩርቴን ላጠጣ ወጥቼ እኔው ጠጥቼ የምመለስ ሰው ነበርኩ። እና አንድ ቀን ሚስቴ አስካለ ሻንጣዋን አልጋው ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። «እንግዲህ አንዴ ብትደግም ካራቆሬ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ» አለችኝ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ እኔም ቀልዷን እንዳልሆነ አወቅሁ።

ታዲያ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ አለች፣ እንደ ልጄ ናት፤ «አባባ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከኋላ ባለችው ክፍል ያቆሙ ሰዎች ይሰባሰባሉ፣ ይሂዱ» አለችኝ። «ማን ማን አለ?» ብላት፣ «እሱን አልናገርም፤ የእርስዎንም ለማንም አልናገርም» አለች። እሺ ብዬ ሄድኩ፤ ግን እንዴት ብዬ ልግባ? ከተማችን ሮቢት እኮ ትንሽ ናት፣ ባለባጃጁ ሁሉ ያውቀኛል! በበሩ አለፍኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ አለፍኩ። ይሄኔ ከውስጥ አንድ ሰው ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ምን ጠፍቶዎት ነው?» አለኝ። «አህያ» አልኩ። በዚያ ሐሩር አህያ! ሰውዬው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ወላሂ፣ እኔም መጀመሪያ የመጣሁ ለታ ፍየል ነበር የጠፋኝ፤ ይግቡ!» ብሎ እጄን ይዞ አስገባኝ። ይማም ነው፣ ገበያ ላይ ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬ የሚነግደው፤ ሙስሊም ነውና መጠጣቱን ከቤተሰቡ ደብቆ ነበር የኖረው።

እና ውስጥ ገብቼ የሚገሥጸኝ ስጠብቅ፣ ማን ገሥጾኝ! አንዱ ሰክሮ የወደቀበትን ቦይ ይተርካል፣ እኔም ያንን ቦይ አውቀዋለሁ! ተሳሳቅን። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ እስኪደርስ ይጨንቀኝ ጀመር።

ታዲያ አንድ ሳምንት ክፍሏ ለክትባት ተፈለገችና «በየቤታችን በተራ ይሁን» ተባለ፣ የመጀመሪያውም ተራ የእኔ ሆነ። አስካለ ምን ዓይነት ሰዎች እንደሚመጡ አሳምራ ታውቃለች፣ ነግሬያታለሁ። እና እንግዶቹ መጡ፣ ተቀመጡ፣ ላባቸውን ጠረጉ። አስካለ ከጓዳ ወጣች። ምን ይዛ? ጠላ! ሙሉ ማሰሮ ጠላ!

«አስካለ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ምን ይሁን? ቤቷ ሄደን ውሃ አጠጣችን ሊሉኝ ነው? አረቄ አላቀረብኩ! ጠላ ደግሞ መጠጥ ነው እንዴ? እህል ነው!»

እንዲህ አለችና በመዳፏ ቀምሳ «በሞቴ፣ በሞቴ» እያለች ለሁሉም ቀዳች። «በሞቴ» ተብሎ እንቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ እናንተም ታውቁታላችሁ። ይማም ብርጭቆውን እንደ አደራ ዕቃ በሁለት እጁ ይዞ እኔን እኔን ያያል። እኔ ደግሞ ሽታው መጣብኝ፣ የጌሾው ሽታ፣ አፌ ምራቅ ሞላ። ፈራሁ፤ እውነቴን ነው የምላችሁ። አንዴ ከቀመስኩ ዛሬውኑ አረቄ ቤት ነኝ፣ ነገ አስካለ ካራቆሬ ናት።

«በል እንግዲህ መርቅና ይጠጡ» አለችኝ። በዕድሜ ትልቁ እኔ ነኛ! ሳይመረቅ ደግሞ አይጠጣም።

ታዲያ እሷ ይህን ስትል አንድ ነገር ታየኝ። ብድግ አልኩ፣ ብርጭቆዬን ከፍ አደረግሁና «ዝናቡን በጊዜው ያውርድልን!» አልኩ።

«አሜን!» ይማምም «አሚን!»

«ሽንኩርታችንን ከትል ይጠብቅልን!»

«አሜን!»

«የተቃጠለውን የአጣዬን ሰው ቤት መልሶ ያቁምለት!»

«አሜን!»

«በዚህ መንገድ የሚያልፈውን ሾፌር ሁሉ በሰላም ያግባው!»

«አሜን!»

ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ምርቃቱ ካላለቀ ማን ይጠጣል! ይማም እንዲያውም «ማሾውን ጋሼ፣ ማሾውን አይርሱት!» ይለኛል። ማሾውን መረቅሁ። ወንዙን መረቅሁ፣ ከብቱን፣ ማንጎውን፣ ባጃጁን መረቅሁ። አስካለ ማሰሮዋን እንዳቀፈች አንዱን እግሯን ታሳርፋለች፣ ሌላውን ታሳርፋለች። እና የምመርቀው አለቀብኝ! ምን ልበል ብዬ ቀና ብል እሷን አየሁ።

«ይህችን ሴት» አልኩ፤ «ስሰክር ጫማዬን ያወለቀችልኝን፣ በሰው ፊት አንድ ቀን ያላዋረደችኝን፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ከእሷ አይለየኝ። ከእሷ…» ይሄኔ አሜን የሚል ጠፋ፣ ሁሉም አቀርቅሯል።

አስካለ ማሰሮዋን አስቀመጠች። «በቃ፣ በቃ፣ ገባኝ» ብላ ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደች፤ የይማምንም፣ የሁሉንም ሰበሰበች። በነጠላዋ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ደግሞ ትስቃለች። «ይሄን ከአፍህ ለመስማት ጠላ መጥመቅ ነበረብኝ?» አለችኝ። ከዚያ ሎሚ በውሃ በጥብጣ አመጣች፣ ማንጎም ቆረጠች፤ ሲበሉ ብታዩ!

«ታዲያ አባባ» አለች ከሚሰሟቸው ልጆች አንዷ፣ የጎረቤት ልጅ፣ «ምርቃቱን በኋላ ጨረሱት?»

«የት እጨርሰዋለሁ! ሳይመረቅ አይጠጣም አላልኳችሁም? እስከ ዛሬ እየመረቅሁ ነው» አሉና ሽማግሌው፣ እስኪያስላቸው ሳቁ።